ገጹን ልቀቂው፣ ጽሑፉን ያዢው

ልጄ፣ ባለፈው ሳምንት ደውለሽ «ጋሼ፣ የማኅበሩን መጽሔት በፓብሊሸር ሠርቼ ጨርሻለሁ፤ አሁን ደግሞ ዌብሳይት አድርጊው ተባልኩ። ‹ሴቭ አዝ› ብዬ ወደ ድረ ገጽ ብቀይረው አይበቃም?» ስትዪኝ ቶሎ መልስ መስጠት አቃተኝ። ያ መጽሔት ካንቺ በፊት ለዓመታት በእኔ እጅ የተቀናበረ ነው። እኔም በጊዜዬ ያንኑ ጥያቄ ጠይቄ፣ ያንኑ መንገድ ሄጄ፣ ብዙ ሥራ አበላሽቻለሁ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ። በቁጥር የከፋፈልኩት እየሠራሽ መለስ እያልሽ እንድታዪው ነው።

1. የያዝሽው መሣሪያ ለምን እንደተሠራ እወቂ።

እኔ ሥራውን የጀመርኩት የፕሬስ ዐዋጁ በ1985 ዓ.ም. ወጥቶ ጋዜጣና መጽሔት እንደ አሸን በፈላበት ዘመን ነው። መሣሪያችን ፔጅሜከር ነበር፤ ስሙን ብትፈቺው «ገጽ ሠሪ» ማለት ነው። ከእሱ በፊት ጽሑፉ በመቀስ እየተቆረጠ ካርቶን ላይ በሙጫ ይለጠፍ ነበር። ፔጅሜከር ያንን የመለጠፊያ ጠረጴዛ እንዳለ አንሥቶ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባው። ዛሬም ተተኪውን ኢንዲዛይንን ስትከፍቺ በገጹ ዙሪያ የምታዪው ባዶ ቦታ የዚያ ጠረጴዛ ቅጂ ነው። ፓብሊሸርም የዚሁ ቤተሰብ ልጅ ነው። ሁሉም የሚያስቡት በወረቀት ነው፦ ስፋቱና ቁመቱ የታወቀ ነው፣ ሳጥኑ ከግራ ጠርዝ ይህን ያህል፣ ከላይ ይህን ያህል ርቆ ይቀመጣል፣ ማተሚያ ቤቱም ያንኑ ያወጣል።

ድረ ገጽ የተወለደው ከሌላ ቤት ነው። ቲም በርነርስ ሊ ጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው ሰርን በተባለው የምርምር ተቋም ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1989 ሲያቀርብ፣ የተመራማሪዎቹ ኮምፒውተር ዓይነቱ ብዙ ነበር፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው መክፈት ይቸግረው ነበር። ስለዚህ የድረ ገጽ መጻፊያ ቋንቋው ኤችቲኤምኤል «ይህ ርእስ ነው፣ ይህ አንቀጽ ነው፣ ይህ ወደ ሌላ ጽሑፍ የሚወስድ ሊንክ ነው» ብሎ ይናገራል እንጂ፣ የት እንደሚቀመጥና በምን ስፋት እንደሚታይ ለአንባቢው መሣሪያ ይተወዋል። ወረቀት ላይ ገጹ ያንቺ ነው። ድረ ገጽ ላይ ግን ገጹ የአንባቢው ነው፤ አንዱ በሰፊ ስክሪን፣ ሌላው በታክሲ ውስጥ በስልኩ ይከፍተዋል። ላንቺ የሚቀርሽ ጽሑፉ ነው። ከዚህ በታች የምልሽ ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

2. «ሴቭ አዝ» ብለሽ የሚወጣውን ነገር ከፍተሽ እዪው።

ፓብሊሸር ድረ ገጽ ለመሥራት የተዘጋጀ ክፍል ነበረው፤ ከ2010ሩ ዕትም ጀምሮ ግን አዲስ ድረ ገጽ የሚጀመርበት ምርጫ ተነሥቷል። የቀረው ያለቀውን ሥራ በኤችቲኤምኤል የማስቀመጥ ምርጫ ነው። እሱም የሚሠራው እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱን ሳጥን ወረቀቱ ላይ በነበረበት ቦታ ላይ ይቸነክረዋል። ሳጥን በሳጥን ላይ ከተደረበ ወይም ጽሑፉ ዘንበል ካለ፣ አስተካክሎ ማሳየት ሲያቅተው ሁሉንም ሥዕል አድርጎ ያወጣዋል። ያንቺ ሽፋን ላይ ርእሱ ከፎቶው ላይ ተደርቦ የለም? እሱ ሥዕል ሆኖ ነው የሚወጣው። ሥዕል የሆነ ጽሑፍ በፍለጋ አይገኝም፣ ኮፒ አይደረግም፣ ስልክ ላይ ሲጠብ አብሮ ይኮሰምናል። በጆሮው ለሚያነብ ዓይነ ስውር ደግሞ የለም ማለት ነው።

ከገጹ ጋር አብሮ የሚወለድ አንድ ፎልደርም አለ፤ ፎቶዎቹ የሚቀመጡት እሱ ውስጥ ነው። ዋናውን ፋይል ብቻ ሰርቨር ላይ ጭነሽ ፎልደሩን ከረሳሽ በፎቶዎቹ ቦታ ባዶ ሳጥን ብቻ ይታያል።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ ፓብሊሸሩን ለሕትመት ተጠቀሚበት። ለድረ ገጹ ግን ጽሑፉን ከሳጥኖቹ አውጥተሽ፣ ለድረ ገጽ በተሠራ ነገር ላይ፣ ለምሳሌ ዎርድፕረስ ላይ፣ እንደገና አስቀምጪው። ሁለት ጊዜ መሥራት ይመስላል፤ እኔ እስካየሁት ድረስ ግን ከሁሉ አጭሩ መንገድ ይኸው ነው።

3. ከሁሉም በፊት ፊደሉን መርምሪ።

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልንገርሽ፤ እኛን ያቃጠለን ይህ ነውና።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። መጽሔቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ድረ ገጽ ይኑረው ተባለና ሦስት ሌሊት አድረን ሠራነው። ቢሮ ውስጥ ስንከፍተው ወረቀቱን ቁርጥ ነበር። ርእሱ፣ ዓምዱ፣ ጌጡ ሁሉ በቦታው። በማግስቱ ዋሽንግተን ዲሲ የሚኖር አንድ አንባቢ ኢሜይል ጻፈልን፤ ያየው የላቲን ፊደል፣ ቅንፍና የጥያቄ ምልክት የተዘራበት ገጽ ነው። «በምን ቋንቋ ነው የጻፋችሁት?» ብሎ ነው የጠየቀን።

ምክንያቱ ፎንቱ ነበር። የአማርኛ ፎንቶቻችን በተሠሩበት ዘመን አንድ ፎንት የሚይዘው ቢበዛ 256 ቦታ ነበር። የእኛ ፊደል ሠላሳ ሦስቱ በሰባት ሲባዛ ብቻ 231 ይሆናል፤ እነ ሏንና እነ ቷን፣ ቁጥሮቹንና ሥርዓተ ነጥቡን ስትጨምሪ አይበቃም። ስለዚህ የፎንት ሠሪዎቹ አንዳንዶቹ ፊደሉን በሁለትና በሦስት ፎንት ከፋፍለው አስቀመጡት፤ ሌሎቹ ግንዱን ለብቻ፣ ቅጥያውን ለብቻ አድርገው እየገጣጠሙ አሳዩት። እነዚያ ሰዎች ባይደክሙ ኖሮ በአማርኛ ጋዜጣ ማሳተም ባልቻልን ነበር፤ ውለታቸውን አልረሳም። ነገር ግን ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚቀመጠው የላቲን ፊደል ነው፤ ፎንቱ የአማርኛ ልብስ ያለብሰዋል። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ልብሱ ይወልቃል። ለዚህ ነው ያን ጊዜ ብዙ የአማርኛ ድረ ገጾች አናታቸው ላይ «መጀመሪያ ፎንቱን አውርደው ይጫኑ» ብለው ይጽፉ የነበረው። በመሥሪያ ቤት ወይም በቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር የሚያነብ ሰው ግን ፎንት እንዲጭን ማን ይፈቅድለታል?

ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በ3.0 ዕትም ነው። ከዚያ ወዲህ «ሀ» በዓለም ላይ የራሷ የሆነ አንድ ቁጥር አላት፤ ማንም ሌላ ፊደል አይጋራትም። ዊንዶውስ ቪስታ እ.ኤ.አ. በ2007 ናይላ የሚባለውን ፎንት ይዞ ሲመጣ ደግሞ ሰው ምንም ሳይጭን አማርኛ ማንበብ ቻለ። ዛሬ ስልኩም ሁሉ እንዲሁ ነው።

አሁንም ግን በድሮው ፎንት የሚጽፍ ጸሐፊ፣ በድሮው ፎንት የተቀመጠ ደብዳቤ ሞልቷል። ፓወር ግዕዝ የሚባለው የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር እንኳ ኋለኞቹ ዕትሞቹ በዩኒኮድም ይጽፋሉ፤ በአሮጌው አሠራርም ይጽፋሉ። ስለዚህ የፎንቱን ስም አይተሽ አትመኚ። አንድ ዓረፍተ ነገር ምረጪና ፎንቱን ወደ ናይላ ቀይሪው። አማርኛ ሆኖ ከቆየ ዩኒኮድ ነው። ወደ ላቲን ፊደል ከተበተነ የድሮው ነው፤ እንዳለ ድረ ገጽ ላይ እንዳታወጪው።

የድሮውን ወደ ዩኒኮድ የሚመልሱ ሶፍትዌሮች አሉ፤ ተጠቀሚባቸው፤ ግን አትመኛቸው። በጽሑፉ መሐል እንግሊዝኛ ስም ካለ እሱንም አማርኛ መስሏቸው ሊበትኑት ይችላሉ። ቁጥርና ሥርዓተ ነጥብም ይስታሉ። ከቅየራ በኋላ በድሮው የአራሚዎች ወግ አርሚው፦ አንድ ሰው የታተመውን ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ሌላው ስክሪኑን በዓይኑ ይከተል።

4. አራት ነጥብን አራት ነጥብ አድርገሽ ጻፊ።

ትንሽ ነገር ትመስላለች። ብዙ ጸሐፊ ዓረፍተ ነገር ሲጨርስ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ ይመታል። ለዓይን «፡፡» እና «።» ይቀራረባሉ፤ ለኮምፒውተሩ ግን የመጀመሪያው ሁለት የቃል መለያ ነው፣ ዓረፍተ ነገሩ አላለቀም። በወረቀት ዘመን ማንም አያውቅብንም ነበር። አሁን ግን ጽሑፍሽን የሚፈልገውም፣ የሚያነበንበውም፣ የሚተረጉመውም ማሽን ነው። በአንድ የ«ፈልግና ተካ» ትእዛዝ የምታስተካክዪውን ነገር አትለፊው።

ስለ ሞክሼ ፊደላትም እዚሁ ልናገር። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» አንባቢው አንድ አድርጎ ያነባቸዋል፤ ፍለጋ ግን ሁለት ቃል ሊያደርጋቸው ይችላል። ሥርዓቱን የጠበቀውን አጻጻፍ ምረጪ፣ በአንድ ወረቀት ላይ ዝርዝሩን ጻፊና ግድግዳሽ ላይ ለጥፊው፤ ከዚያ በኋላ ከዕትም ዕትም አታወላውዪ። የሰውና የቦታ ስም ላይ በተለይ ጠንቃቃ ሁኚ።

5. «ወደ ገጽ 14 ዞሯል» የሚለውን አውጪ።

ወረቀት ላይ ቦታ ሲጠበን ጽሑፍ ቆርጠን ወደ ኋላ ገጽ እናዞራለን። ድረ ገጽ ላይ ገጽ 14 የለም። የተቆረጠውን ጽሑፍ መልሰሽ ስፊው፤ «ከገጽ 3 የዞረ» የሚለውን፣ በየገጹ ግርጌ ያለውን ቁጥርና የመጽሔቱን ስም፣ በመሐል ገብቶ የነበረውን ማስታወቂያ ከጽሑፉ ውስጥ አስወጪ።

ወደ ኢንዲዛይን ከተሻገርሽም ይህ ችግር አይለቅሽም። ጽሑፉን ወደ ኤችቲኤምኤል ሲያወጣ ካልነገርሽው በቀር በገጹ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ባለው አቀማመጥ ይለቅመዋል። ባለ ሦስት ዓምድ ገጽ ላይ በጎን ሳጥን የተቀመጠው የሕይወት ታሪክ በዋናው ጽሑፍ ሁለት አንቀጾች መካከል ሊገባብሽ ይችላል። «አርቲክልስ» የሚለውን ሰሌዳ ከፍተሽ ቅደም ተከተሉን ራስሽ አስቀምጪለት።

6. ርእስን በማተለቅ ብቻ ርእስ አታድርጊው።

የብራና ጸሐፊዎች ርእሱንና የቅዱሳኑን ስም በቀይ ቀለም ይጽፉ ነበር። ቀዩ ጌጥ ብቻ አልነበረም፤ «እዚህ ላይ አዲስ ነገር ይጀምራል» የሚል ምልክት ነበር፤ አንባቢው ከሩቅ አይቶ ያውቀዋል። ድረ ገጽም እንደዚያ ያለ ምልክት ይፈልጋል። ፊደሉን 24 ነጥብ አድርገሽ ብታደምቂው ለዓይን ርእስ ይመስላል፤ ለብራውዘሩ ግን ትልቅ ፊደል ያለው አንቀጽ ብቻ ነው። ገና በፓብሊሸሩ ወይም በዎርዱ ላይ ሳለሽ ለዋናው ርእስ፣ ለንኡስ ርእሱ፣ ለአንቀጹ፣ ለፎቶ መግለጫው ለየብቻ ስታይል ስጫቸው። ይህን ልማድ ካደረግሽ የሕትመቱም ሥራ ይቀልልሻል፤ አለቃሽ «ንኡስ ርእሶቹ ሁሉ ይነሱ» ቢልሽ ስድሳ ቦታ ሳይሆን አንድ ቦታ ትቀይሪያለሽ።

7. ፎቶውን አቅልዪው።

ማተሚያ ቤቱ በኢንች 300 ነጥብ ይጠይቅሻል። አንድ ሙሉ ኤ4 ፎቶ በዚያ ልክ 2480 በ3508 ነጥብ ይሆናል፤ በአራቱ የሕትመት ቀለሞች ሳይታመቅ ሲቀመጥ ወደ 35 ሜጋባይት ይጠጋል። ያንን ድረ ገጽ ላይ ብትሰቅዪው አንባቢሽ የገዛውን ፓኬጅ ላንድ ፎቶ ትበዪበታለሽ። ወርዱን ወደ 1200 ነጥብ አውርጂው፣ በጄፔግ አስቀምጪው፤ ብዙውን ጊዜ ከ200 ኪሎባይት በታች ይወርዳል፣ ስልክ ላይም ልዩነቱ አይታይም። የቀለሙን ዓይነት ከሕትመቱ ሲኤምዋይኬ ወደ ስክሪኑ አርጂቢ መቀየር አትርሺ፤ ካልቀየርሽው የሰው ፊት ቀለም ይበላሻል። ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር በፎቶው ላይ ማን እንዳለ፣ የት እንደሆነና በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተነሣ በጽሑፍ አስቀምጪ።

8. ስለ መልኩ ጥቂት።

የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል የለውም፤ ሁሉም ቁመቱ ይቀራረባል፤ ስለዚህ መስመሩ ሲጠጋጋ ገጹ ግድግዳ ይመስላል። በመስመሮቹ መካከል ከእንግሊዝኛው ሰፋ ያለ ቦታ ስጪ። ግራና ቀኙን እኩል አድርጎ መቁረጥ ለወረቀት ያምራል፤ በጠባብ የስልክ ስክሪን ላይ ግን ረጅም የአማርኛ ቃል ሲመጣ በቃላቱ መሐል ሸለቆ ይከፍታል። በግራ ብቻ አሰልፊው። ፎንት ከፈለግሽ አቢሲኒካ ኤስአይኤልና ኖቶ ኢትዮፒክ በነጻ ፈቃድ የሚሰጡ ናቸው፤ ሰርቨርሽ ላይ ብታስቀምጫቸው ማንም አይጠይቅሽም። የተገዛ ፎንት ከሆነ ግን ለድረ ገጽ መፈቀዱን መጀመሪያ ጠይቂ፤ ፊደል የሠራ ሰው ድካም አለበት።

9. ፒዲኤፉን አስቀምጪው፤ ብቻውን ግን አትተዪው።

ብዙዎች የሚያደርጉት ይህን ነው፦ መጽሔቱን ፒዲኤፍ አድርገው ይሰቅሉና ድረ ገጽ አለን ይላሉ። ፒዲኤፍ ለመዝገብና አትሞ ለማንበብ ግሩም ነገር ነው፣ ከጽሑፉ ጎን ሊወርድ የሚችል ሆኖ ይቀመጥ። ስልክ ላይ ግን ሦስት ዓምድ ያለውን ገጽ በጣት እያሰፉ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየጎተቱ ማንበብ ሰውን ያሰለቻል። ከዚህም በላይ የተደበቀ ወጥመድ አለው፦ ፒዲኤፍ ፎንቱን በሆዱ ይዞ ስለሚሄድ በድሮው ፎንት የተጻፈም አምሮ ይታያል። ኮፒ አድርገሽ ቴሌግራም ላይ ለጥፊው፤ ያኔ ውስጡ ይታይሻል።

10. የድረ ገጹን ስም በማኅበሩ ስም አስመዝግቢው።

አንድ የማውቀው ማኅበር የድረ ገጹን ስም በአንድ በጎ ፈቃደኛ ወጣት ስም አስመዘገበ። ልጁ ውጭ አገር ሄደ፤ የዓመቱ ክፍያ የሚከፈልበት ማሳሰቢያ ማንም በማይከፍተው ኢሜይል ይመጣ ጀመር። ስሙ ተለቀቀ፣ ሌላ ሰው ወሰደው፤ የስድስት ዓመት ጽሑፍም ከነአድራሻው ጠፋ። ልጁ ክፉ አልነበረም። የይለፍ ቃሉን ቢያንስ ሁለት ሰው ይወቀው፤ የሚታደስበት ቀን በማኅበሩ መዝገብ ይጻፍ። የፋይሎችሽን ስም ደግሞ ክፍት ቦታ በሌለው በትንንሹ የላቲን ፊደል ጻፊው፤ ያንቺ ኮምፒውተር ትልቁንና ትንሹን ፊደል አንድ አድርጎ ቢያይም ብዙው ሰርቨር ይለያቸዋል፣ «ገጹ አልተገኘም» የሚለው መልእክት ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

11. በርካሹ ስልክ ላይ ፈትኚው።

በቢሮው ዋይፋይ፣ በቢሮው ኮምፒውተር አትፍረጂ፤ ዲሲ ያለው አንባቢያችን ያስተማረን ይህን ነው። የጥበቃውን ወይም የእናትሽን ስልክ ተበደሪ፣ ዋይፋዩን አጥፊ፣ በሞባይል ዳታ ክፈቺው። አንድ ጽሑፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብቢ። ጣትሽ የደከመበት ቦታ መስተካከል ያለበት ነው።

12. የድሮዎቹን ዕትሞች አንርሳቸው።

ሶፍትዌር ያልፋል። ፔጅሜከርን አዶቤ ማሻሻል ካቆመ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ፋይሉን ኢንዲዛይን እስከ ሲኤስ6 ድረስ ይከፍተው ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ያለው አይከፍተውም። ማይክሮሶፍትም ከእ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2026 በኋላ ለፓብሊሸር የሚሰጠውን ድጋፍ እንደሚያቆም አስታውቋል፤ ሶፍትዌሩን በየጊዜው እየከፈሉ የሚጠቀሙ ከዚያ በኋላ ፋይላቸውን ሊከፍቱበት አይችሉም። ስለዚህ ያንቺን ዕትሞች ዛሬውኑ በሁለት መልክ አስቀምጪ፦ አንድ ፒዲኤፍ፣ አንድ ደግሞ ምንም ጌጥ የሌለው የዩኒኮድ ጽሑፍ። ሶፍትዌሩ ሲያልፍ ጽሑፉ ይተርፋል።

የእኔ ዕትሞች ግን አሁንም በፔጅሜከርና በድሮው ፎንት እንደተቆለፉ ናቸው። ውስጣቸው ዛሬ በሕይወት የሌሉ ሰዎች ቃለ ምልልስ አለ፤ ሌላ ቦታ አይገኝም። የ1994ንና የ1995ን ስምንት ዕትሞች ወደ ዩኒኮድ መልሼ፣ ባለቤቴ ከወረቀቱ ጮክ ብላ እያነበበች እኔ በስክሪኑ እየተከተልኩ አርመን ጨርሰናል። ሃያ ሁለት ዕትሞች ይቀራሉ፤ ዓይኔም እንደ ድሮው አይደለም። ፋይሎቹ በፍላሽ ተቀድተው ቤት ተቀምጠዋል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነይና ውሰጂያቸው።